ሆሞሻ፦ ፓርክ ያልተባለው በረሃ

ሚያዝያ ላይ ከአሶሳ ወደ ኩርሙክ የሚወርደውን መንገድ የያዘ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ማንጎ ነው። በየጓሮው፣ በየመንገዱ ዳር፣ በየትምህርት ቤቱ ግቢ ጥላው የከበደ ማንጎ ቆሟል፤ ከሥሩ ሴቶች ፍሬውን በሳፋ ደርድረው ተቀምጠዋል። ጥቂት እንደተሄደ ማንጎው ይሳሳና መሬቱ ዝቅ ማለት ይጀምራል። በመስኮት የሚገባው ነፋስ ይሞቃል፤ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የምስጥ ኩይሳ በግራ በቀኝ ይበዛል፤ ሣሩ በእሳት ተበልቶ መሬቱ ጠቁሯል። ከዚያ ሽመሉ ይመጣል።

ሽመሉ ቆላ ቀርከሃ ነው። የደጋው ሰው በአዊ ወይም በሲዳማ ጓሮ የሚያውቀው ቀርከሃ ወፍራምና ውስጡ ባዶ ሲሆን ይኸኛው ቀጠን ያለ፣ ውስጡ ድፍን፣ ለመስበር የሚያስቸግር ነው። በበጋ ቅጠሉን ያራግፋል። ሚያዝያ ላይ ሲያዩት የደረቀ፣ ያበቃለት ይመስላል፤ ግንቦት ገብቶ ዝናቡ ሁለት ሦስት ጊዜ ከወረደ ግን ያው ቁጥቋጦ አረንጓዴ ግድግዳ ይሆናል። በዚያ ግድግዳ መካከል የቆርቆሮና የሣር ክዳን ቤቶች ብቅ ሲሉ ሆሞሻ ተደርሷል። ከአሶሳ ቁርሱን በልቶ የወጣ መንገደኛ ረፋዱ ላይ እዚያ ነው።

ብዙዎቹ መኪኖች ሆሞሻ ላይ አይቆሙም። የዕርዳታ ድርጅቶች ላንድክሩዘሮች ወደ ስደተኞች መጠለያ፣ የጭነት መኪኖች ወደ ድንበር፣ የማዕድን ሰዎች ወደ ኩርሙክ ወርቅ ያልፋሉ። ከተማዋ የወረዳ መቀመጫ ናት። አስተዳደር ጽሕፈት ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ መስጊድ፣ ሻይ ቤቶች፣ የሸቀጥ ሱቆችና የባጃጅ መቆሚያ አላት። ይህንን ሁሉ በእግር ዞሮ ለማየት ረጅም ጊዜ አይፈጅም። እዚህ የምጽፈው ግን ከተማዋ በተቀመጠችበት ምድር ምክንያት ነው። የኢትዮጵያ ቆላ ሲነሳ አዋሽ፣ ጋምቤላ፣ ማጎ፣ ኦሞ ይጠራሉ፤ በካርታ ላይ በአረንጓዴ የተከበቡ ስሞች ስለሆኑ ነው። ሆሞሻና ዙሪያዋ ያ አረንጓዴ ቀለም የላቸውም። በእኔ እምነት ሊኖራቸው ይገባል፤ የሚከበብበት መንገድ ግን እስከ ዛሬ ከለመድነው የተለየ መሆን አለበት።

ሻይ ቤቱ በሽመል የተሠራ ነው። ግድግዳው የተሰነጠቀ ሽመል፣ አግዳሚው ሽመል፣ ጥላው በሽመል የቆመ ነው። ቡናው ጀበና ላይ ነው፤ ሽታው ከደጋው አይለይም። የሚሰማው ቋንቋ ግን ሦስት ነው። እርስ በርሳቸው በርታኛ፣ ከድንበር ማዶ ከመጣው ነጋዴ ጋር ዓረብኛ፣ ከእንግዳ ጋር የክልሉ የሥራ ቋንቋ የሆነውን አማርኛ ይነጋገራሉ። አንድ ሰው በአንድ ስኒ ቡና ላይ ሦስቱንም ሲቀያይር ማየት እዚህ ብርቅ አይደለም። ወጣቱ ነጭ ጀለቢያ የለበሱትን አዛውንት «ሼኽ» ብሎ ይጠራል፣ ቦታ ይለቅላቸዋል፤ እሳቸውም እንግዳውን «ልጄ» ብለው ከየት እንደመጣ፣ ወላጆቹ ደኅና መሆናቸውን፣ ዝናብ በአገሩ መጣሉን ይጠይቃሉ። ጥያቄው ተራ ወግ አይደለም። ሚያዝያ ላይ እዚህ ሁሉም የሚያስበው ስለ ዝናብ ነው፤ ማሽላው፣ ወርቁ፣ ሽመሉ ሁሉ ዝናቡን ይጠብቃሉ።

ከመንገዱ ማዶ ሴቶች ከገበያ ይመለሳሉ። ሸክሙ በጀርባ አይደለም። ትከሻቸው ላይ አንድ ዘንግ ተጋድሟል፤ በሁለቱ ጫፎቹ እኩል የከበዱ ሁለት ዕቃዎች ተንጠልጥለዋል። ዘንጉ እርምጃቸውን ተከትሎ ይረግባል፣ ይነሳል። እሱም ከሽመል የተቆረጠ ነው።

የዚህችን ከተማ ስም በታሪክ መጽሐፍ ውስጥ የሚያገኝ ሰው ይገረም ይሆናል። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የበርታ ምድር በሦስት ዋና ዋና ሼኾች እጅ ነበር። ቤላ ሻንጉልን ሼኽ አብዱራህማን ኾጀሌ፣ አቆልዲን ማለትም የዛሬውን አሶሳ ሼኽ ኾጀሌ አል ሐሰን፣ ሆሞሻን ደግሞ ሼኽ ቱር አል ጉሪ ይገዙ ነበር። ሆሞሻ ያን ጊዜ የራሷ ገዥ ያላት፣ በስሟ ግብር የሚጠየቅባት አገር ነበረች። ለዚህ ያበቃት ወርቅ ነው።

ወርቁ ብዙ ጌቶችን ጠርቷል። የሰናር ፉንጅ መንግሥት ጥላው እስከዚህ ይደርስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1821 የግብጹ ገዥ መሐመድ አሊ ጦሩን ወደ ሱዳን ሲያዘምት ከዓላማዎቹ ሁለቱ ወርቅና ባሪያ ነበሩ፤ በስተርጅና ዘመኑም ወርቁን በዓይኑ ለማየት ራሱ እስከ ፋዞግሊ ድረስ ተጉዟል። ኦስትሪያዊው የማዕድን ሊቅ ዮሴፍ ሩሴገር እ.ኤ.አ. በ1838 ወደዚህ የተላከው ለዚሁ ነው። ሆላንዳዊው ተጓዥ ሁዋን ማሪያ ሹቨር እ.ኤ.አ. በ1881ና በ1882 በእነዚህ ኮረብታዎች መካከል ተዘዋውሮ ያየውን ጽፏል። የነጋዴና የወራሪ መንገድ በተዘረጋበት ሁሉ የባሪያ ንግድ አብሮ ገብቷል። የበርታ፣ የጉሙዝ፣ የማኦና የኮሞ ሰዎች ተወስደው በካርቱምም በመሀል አገርም ተሸጠዋል። ይህን ሳይጠቅሱ ስለ ቤኒሻንጉል ወርቅ መጻፍ ግማሹን ታሪክ መደበቅ ነው።

በ1890 ዓ.ም. የአፄ ምኒልክ ጦር በራስ መኮንን መሪነት መጣ። ሼኾቹ ተዋጉ፣ ተሸነፉ። ከመካከላቸው ሼኽ ኾጀሌ አል ሐሰን በኋላ ከማዕከላዊው መንግሥት ጋር ተስማምተው የአካባቢው ዋነኛ ገዥ ሆኑ፤ ግብሩ በወርቅ ይገባ ነበር። አዲስ አበባ ጉለሌ የሚገኘው የሼኽ ኾጀሌ ቤት የዚያ ዘመን ምስክር ነው። የአዲስ አበባ ሰው ከቤቱ አጠገብ ሲያልፍ የዚያ ግብር መነሻ ሆሞሻና አካባቢዋ መሆናቸውን ቢያስብ መልካም ነው። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር የተፈረመው የድንበር ውል ቤኒሻንጉልን በኢትዮጵያ ወገን አስቀረ። ያ መስመር ዛሬም አለ። በአንድ ደረቅ ወንዝ ግራና ቀኝ ሁለት ከተሞች ተቀምጠዋል፤ አንዱ የሱዳን፣ አንዱ የኢትዮጵያ፣ የሁለቱም ስም ኩርሙክ ነው።

መንገዱ ሌላም ትዝታ አለው። ጣሊያን በተባረረበት ዓመት ከሱዳን በኩል የገቡት ወታደሮች ሁሉ እንግሊዞች አልነበሩም። አሶሳን መጋቢት 2 ቀን 1933 ዓ.ም. የያዘው ከቤልጂግ ኮንጎ የመጣ ጦር ነው። ከአፍሪካ ልብ ተነስተው፣ ሱዳንን አቋርጠው በዚህ ሐሩር ለኢትዮጵያ ነፃነት የተዋጉ ኮንጓውያን በየዓመቱ የድል በዓል ሲከበር ስማቸው ሲነሳ አልሰማሁም። አሶሳ ላይ አንድ የመታሰቢያ ድንጋይ ይገባቸዋል።

ወርቁ አሁንም አለ። ዝናቡ ሲጀምር ወንዞቹ ውሃ ይዘው ሲወርዱ ሴቶችና ልጃገረዶች ገበቴ ይዘው ይወጣሉ። አፈሩ ከጉድጓድ ይወጣል፣ ወደ ውሃው ይወሰዳል፣ ገበቴው ላይ ይደረግና እጅ እያሽከረከረው ቀላሉ ይፈሳል፣ ከባዱ ከሥር ይቀራል። የሚቀረው ጥቁር አሸዋ ነው፤ ከአሸዋው ጫፍ ላይ አንዳንዴ የጥፍር ጫፍ የሚያህል ቢጫ ይታያል። ሙሉ ቀን ታጥቦ ባዶ እጅ መመለስ የተለመደ ነው። የቤኒሻንጉል ወርቅ አጠባ በእጅጉ የሴቶች ሥራ ነው። ለልጆች ደብተር፣ ለጨው፣ ለዘይት የሚወጣው ገንዘብ ከዚያ ገበቴ ሥር ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ሥርዓቱ ተለውጦ ብሔራዊ ባንክ ለወርቅ የሚከፍለው ዋጋ ካደገ ወዲህ በባህላዊ መንገድ የሚመረተውና ወደ ባንክ የሚገባው ወርቅ በአገር ደረጃ በከፍተኛ መጠን ጨምሯል። የዋጋው መጨመር ለገበቴዋ እመቤት መልካም ዜና ነው፤ ከእሷ ጋር ግን ቁፋሮውን በማሽን የሚያካሂደውንም ይስባል።

ከሆሞሻ ወዲያ በኩርሙክ ወረዳ ደግሞ ትልቅ ኩባንያ የሚያለማው ማዕድን አለ። መቀመጫውን ካናዳ ያደረገው አላይድ ጎልድ የኩርሙክን የወርቅ ፕሮጀክት ግንባታ እ.ኤ.አ. በ2023 ጀምሯል፤ ዲሽ ማውንቴንና አሻሺሬ የተባሉ ሁለት የወርቅ ክምችቶች ላይ የተመሠረተ ነው። ፋብሪካ፣ የኤሌክትሪክ መስመር፣ ሰፊ መንገድ፣ የሠራተኛ ካምፕ አብረው ይመጣሉ። አገሪቱ ወርቁን ትፈልገዋለች፤ ይህን አልቃወምም። የምለው ሌላ ነው። ምድሩ እንዲህ ባለ ፍጥነት እየተለወጠ ሳለ ከላዩ የቆመው ሕይወት የትኛው ክፍል ሳይነካ እንዲቀር እንደምንፈልግ ገና በካርታ ላይ አላስቀመጥንም።

ስለዚህ ሽመሉ ጋ እንመለስ፤ ዋናው ሀብት እሱ ነው።

ኢትዮጵያ ከአፍሪካ አገሮች ሁሉ ሰፊውን የቀርከሃ ምድር ይዛለች። ለረጅም ጊዜ ሲጠቀስ የኖረው አኃዝ አንድ ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ነው፤ ከዚህም 850 ሺህ ያህሉ ቆላ ቀርከሃ ነው። የዚህ ቆላ ቀርከሃ ከፍተኛው ድርሻ ያለው በቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ በተለይም አሶሳ ዞን ነው። ሆሞሻ፣ መንጌ፣ ኩርሙክ፣ ባምባሲ ሁሉም የሽመል አገሮች ናቸው። ሌላ ቦታ ዛፍ አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ እዚህ ግን አንድ ሥር ብዙ ግንድ ያበቅላልና ደኑ ጥቅጥቅ ያለ ነው።

የሽመል ኑሮ ከዛፍ ኑሮ ይለያል። ክረምት ሲገባ ከሥሩ ሹል ቡቃያ ይወጣል፤ በሁለት በሦስት ወር ውስጥ የመጨረሻ ቁመቱን ይደርሳል። ከዚያ በኋላ አይረዝምም፣ አይወፍርም። የሚቀጥሉትን ዓመታት የሚያሳልፈው በመጠንከር ነው፤ ለቤት ሥራ ለመቆረጥ ሦስት ዓመት ያህል ይፈልጋል። ልምድ ያለው ቆራጭ ከአንድ ቁጥቋጦ የበሰለውን ለይቶ ያወጣል፣ ጮርቃውን ይተዋል። ይህን የሚያውቅ ሰው እስከ ቆረጠ ድረስ ደኑ አያልቅም፤ እንዲያውም ይታደሳል። የበርታ ቤት ግድግዳ፣ አጥር፣ ጎተራ፣ አልጋ፣ የንብ ቀፎ፣ የሸክም ዘንግ የሚወጣው ከዚህ ነው። ቡቃያውም ይበላል። ክረምት ላይ አሮጌው እህል ሳስቶ አዲሱ ሳይደርስ ባለው ጊዜ ተቆርጦ ተቀቅሎ ወጥ ይሆናል፤ በሌላው የኢትዮጵያ ክፍል ብዙ ያልተለመደ፣ እዚህ ግን የተከበረ ምግብ ነው።

ሆኖም ሽመል አንድ ትልቅ ድክመት አለው። በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል። ለአስርት ዓመታት ምንም አበባ ሳያሳይ ይኖርና ቀኑ ሲደርስ በሰፊ አካባቢ ያለው ሁሉ ባንድነት ያብባል፣ ዘሩን ያራግፋል፣ ከዚያም ባንድነት ይደርቃል። ባለፉት አስርት ዓመታት በአሶሳ ዞን ይህ ደርሷል፤ ሰፋፊ የሽመል ደኖች አብበው ደርቀዋል። በራሱ ጥፋት አይደለም፤ የተፈጥሮ መንገዱ ነው። የወደቀው ዘር ይበቅላል። ችግሩ ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት ነው። አዲሱ ችግኝ እንደ ሣር ቀጭን ነው። በበጋው የሚነሳ አንድ ሰደድ እሳት ይጨርሰዋል፤ የከብት ሰኮና ይረግጠዋል። የደረቀውን ደን ያየ ገበሬ ደግሞ መሬቱ ባዶ ነው ብሎ ያርሰዋል። ስለዚህ ሽመል በሚያብብበት ወቅት የሚደረግለት ጥበቃ ለሚቀጥሉት አስርት ዓመታት ደን ይኖራል ወይስ አይኖርም የሚለውን ይወስናል። በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ የሚጠብቅ አሠራር እዚህ ላይ በቂ አይደለም፤ በዚያ በአንድ ወቅት ነቅቶ የሚቆም ጠባቂ ያስፈልጋል።

እሳቱ የዚህ ምድር የዘወትር ጉዳይ ነው። መስከረምና ጥቅምት ሰው የሚውጥ ሣር ኅዳር ላይ ይደርቃል። ከዚያ አንዱ ለእርሻ ሲመነጥር፣ አንዱ ማር ሲቆርጥ፣ ሌላው መንገዱ ከእባብ እንዲጸዳ ብሎ ይለኩሳል። አባሎና ወይባ የሚባሉት ዛፎች ወፍራም ቅርፊት ስላላቸው ይችሉታል፤ ይህ ደን ከእሳት ጋር ለሺህ ዓመታት የኖረ ነው። ወደ ቆላው ጠለቅ ሲሉ የሚገኘው የዕጣን ዛፍ፣ ከኩርሙክ በኩል የሚታየው ግዙፉ ባኦባብም እንዲሁ። ችግኝ ግን አይችለውም። በሽማግሌዎች ሥርዓት እሳት በጊዜው፣ ሣሩ ገና እርጥበት ሳለው ቢለኮስ ጉዳቱ ይቀንሳል። ዘግይቶ፣ በየካቲትና በመጋቢት ነፋስ የሚነሳው ነው አጥፊው።

በዚህ ደን ላይ ሌላ ጫናም አለ፤ ስናነሳው ግን በጥንቃቄ መሆን አለበት። በሱዳን በኩል ያለችው ኩርሙክ እ.ኤ.አ. በ1987፣ በ1997ና በ2011 በጦርነት ከእጅ ወደ እጅ ስትተላለፍ ሰዎች ወደዚህ ሸሹ። የሸርቆሌ መጠለያ በሆሞሻ ወረዳ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው፤ በኋላ የጾሬ መጠለያ ተጨመረ። በሸርቆሌ የሱዳንና የደቡብ ሱዳን ሰዎች ብቻ ሳይሆኑ ከታላላቅ ሐይቆች አካባቢ የመጡም ይኖራሉ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲነሳ ደግሞ ሌላ ማዕበል በኩርሙክ በኩል ገባ፤ ከድንበሩ ጊዜያዊ ማረፊያ ወደ ኡራ መጠለያ የተዛወሩም አሉ። በሺዎች የሚቆጠር ቤተሰብ የማገዶ እንጨት ይፈልጋል፣ የጎጆ ማቆሚያ ይፈልጋል። በመጠለያዎቹ ዙሪያ ደኑ መሳሳቱ ለዓይን የተሰወረ አይደለም። ጥፋተኛው ስደተኛው አይደለም። ልጇን ለማብላት ሁለት ዘንግ ሽመል የምትሰብር እናት ሌላ ምርጫ አልተሰጣትም። ማገዶ አብሮ ሳይታሰብ የሚሰፈር ዱቄት ግማሽ ዕርዳታ ነው፤ ሌላውን ግማሽ ያለ ክፍያ የሚሸፍነው የሆሞሻ ደን ነው። ይህ ዕዳ በማንም መዝገብ ላይ አልሰፈረም።

ፓርክ ይሁን ብሎ መናገር ቀላል ነው። ግን ፓርክ ማለት በአገራችን ምን እንደነበረ እናውቃለን።

የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1966 ተቋቁሞ በ1969 በሕግ ጸና። ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ከተማ ወጣ ብሎ የሚገኘው ያ ሜዳ ዛሬም ያምራል። ሳላው፣ የአዋሽ ፏፏቴ፣ የፍል ውሃው ዘንባባ ማንንም ያረካል። የበረሃ ከተማና ፓርክ ጎን ለጎን ሲኖሩ ምን እንደሚመስል ለማየት ከዚያ የተሻለ ቦታ የለም። ያ ሜዳ ግን ከመከለሉ በፊት የከረዩ፣ የኢቱና የአፋር ከብት አርቢዎች የበጋ ግጦሽ ነበር። በአንድ ወገን ፓርኩ፣ በሌላ ወገን የመተሐራ ሸንኮራ እርሻ ወንዙን ዳር ዳሩን ሲይዙት ከብቱ መድረሻ አጣ። ከዚያ ወዲህ ያሉት ዓመታት በጠባቂና በአርብቶ አደር መካከል የግጭት ዓመታት ናቸው። ከብቱ ወደ ፓርኩ ይገባል፣ ይባረራል፣ ይመለሳል። ባለቤቱን አስወጥቶ የተጠበቀ ምድር ሲጠበቅ አይኖርም።

ወደ ሆሞሻ የሚቀርበው ሌላው ምሳሌ ከአባይ ማዶ በስተሰሜን ነው። የአማራ ክልል እ.ኤ.አ. በ2006 በቋራ ወረዳ ያቋቋመው የአላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ 2,666 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በደቡብ ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ ይዋሰናል፤ በምዕራብ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1935 ከተቋቋመው የሱዳን ዲንደር ፓርክ ጋር ይገናኛል። ለዓመታት የአላጥሽን አንበሳ የሚያነሱት የአካባቢው ሰዎች ብቻ ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. ጥር ላይ የተመራማሪዎች ስውር ካሜራ አንበሶቹን በምስል ይዞ ሲወጣ ዓለም አዲስ ግኝት ብሎ ዘገበው፤ በአላጥሽና በዲንደር በድምሩ ከ100 እስከ 200 አንበሳ ሊኖር እንደሚችልም ተገመተ። የቋራ ገበሬ ግን ሌሊት ሲያገሳ ይሰማው ነበር።

ይህን ታሪክ የማነሳው የሆሞሻ ዙሪያ ደንም ገና በደንብ ስላልተጠና ነው። ይህ የሱዳንና የጊኒ ሣራማ ደን የሚባለው ሰፊ መቀነት ከምዕራብ አፍሪካ ተነስቶ የሚያበቃው እዚህ፣ በኢትዮጵያ ከፍታ ሥር ነው። ከዚህ ወደ ምሥራቅ አይሄድም። በዚህ መቀነት ብቻ የሚኖሩ ወፎችን በኢትዮጵያ ምድር ማየት የሚፈልግ ሰው መምጣት ያለበት ወደ አሶሳ ወይም ወደ ጋምቤላ ነው። መነጽሩን ተሸክሞ ባሌ ተራራ የሚወጣው ወፍ ተመልካች ግን በሆሞሻ ሲቆም አይታይም።

እንዴት ይጠበቅ ለሚለው መልስ የሚሰጥ ምሳሌ አለን፤ ከራሳችን አገር፣ ከደጋው። በመንዝ የጓሳ ሕዝብ የጓሳውን ሣር በመቶዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት ያቆየው የአስቦና የገራ ባለርስቶች «ቄሮ» በሚሉት የጥበቃ ሥርዓት ነው። መቼ ይታጨዳል፣ ለስንት ዓመት ይከለላል፣ የደፈረ ምን ይቀጣል የሚለውን የሚወስኑት ባለቤቶቹ ራሳቸው ነበሩ። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ያንን ሥርዓት ቢያፈርሰውም ነዋሪው በሌላ መልክ መልሶ አቋቋመው፤ ዛሬ ጓሳ በክልሉ ሕግ የታወቀ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው። ቀይ ቀበሮው አለ፣ ሣሩም ይታጨዳል። ሰውና ጥበቃ ተጣልተው አልቀሩም።

የሆሞሻ ሽመል ከጓሳ ሣር ጋር በአንድ ነገር ይመሳሰላል፤ ሁለቱም በልክ ሲቆረጡ የሚታደሱ ናቸው። ስለዚህ ቆራጩን ማስወጣት አያስፈልግም፤ እንዲያውም ዕውቀቱ የሚገኘው እሱ ዘንድ ነው። የበሰለውን ከጮርቃው መለየት፣ እሳቱን በወቅቱ መለኮስ፣ ካበበ በኋላ ያለውን ቦታ ለዓመታት ከከብትና ከማረሻ መከልከል፤ ይህ ሁሉ በበርታ ሽማግሌዎችና በቀበሌው ነዋሪ ስምምነት ሊተዳደር ይችላል። የአሳታፊ ደን አስተዳደር የሚባለው አሠራር በባሌና በከፋ ደኖች ተሞክሯል። እዚህ የሚጎድለው ደፍሮ የሚጀምር ነው።

አመሻሽ ላይ ፀሐዩ ሲበርድ ሆሞሻ ሌላ ከተማ ትሆናለች። ልጆች ኳስ ይዘው ይወጣሉ፤ ከመስጊዱ የመግሪብ አዛን ይሰማል፤ የሽንኩርትና የባሚያ ሽታ ከየግቢው ይነሳል። ሠርግ ባለበት ቀን ዙምባራው ይሰማል። ዙምባራ አንድ ሰው ብቻውን የሚጫወተው መሣሪያ አይደለም። ረጅምና አጭር ነፊዎች በመደዳ ይቆማሉ፤ እያንዳንዱ የሚያወጣው አንድ ድምፅ ነው። ዜማው የሚሠራው ሁሉም በተራው፣ በትክክለኛዋ ቅጽበት ሲነፋ ነው። አንዱ ቢዘገይ ዜማው ይሰበራል። ይህን ለመስማት ብቻ ወደ አሶሳ መብረር የሚያስቆጭ አይደለም።

መሄድ ለምትፈልጉ የማውቀውን ልንገራችሁ። ከአዲስ አበባ አሶሳ በየብስ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በነቀምት በኩል ያለው መንገድ በቅርብ ዓመታት ሰላም ያልነበረባቸው ጊዜያት ስላሉት ብዙ ሰው የሚመርጠው አውሮፕላን ነው። ወደ ሆሞሻና ወደ ኩርሙክ ከመውረዳችሁ በፊት አሶሳ ላይ ስለ መንገዱ ሁኔታ ጠይቁ፣ ወረዳው ጽሕፈት ቤትም ገብታችሁ ራሳችሁን አስተዋውቁ፤ የድንበር አካባቢ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር አየሩ ይመቻል፤ ማንጎ የሚፈልግ ሚያዝያንና ግንቦትን ይምረጥ፣ ሙቀቱን ግን ይቻል። የስደተኛ መጠለያ መጎብኛ አይደለም፤ ያለ ፈቃድ ካሜራ አታንሱ። ወርቅ የምታጥብ ሴት ስታገኙም መጀመሪያ ሰላምታ ስጡ፣ ከዚያ አስፈቅዱ። የሽመል ወንበር ወይም ቅርጫት ከሠሪው እጅ ግዙ፤ ገንዘቡ ደኑን ሳያጠፋ ለማቆየት ምክንያት ይሆነዋል።

ለክልሉ መንግሥትና ለአሶሳ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ። የማዕድኑ ሥራ ሙሉ በሙሉ ሳይስፋፋ፣ የሽመሉም ቀጣይ አበባ ሳይደርስ፣ የሆሞሻ፣ የመንጌና የኩርሙክ ሽማግሌዎች በአንድ ላይ ተቀምጠው የትኛው ደን እንደሚቆረጥ፣ የትኛው እንደሚያርፍ፣ የትኛው ፈጽሞ እንደማይነካ በራሳቸው አፍ ይናገሩ። ተመራማሪዎቹ ያንን በካርታ ላይ ያስፍሩት፤ ምክር ቤቱ በአዋጅ ያጽናው።